ከድርን «ትሑት ነበር» አትበሉብኝ

ከድር ሞተ አሉኝ። ጠዋት ልጁ ደውላ «አባባ አረፉ» ስትለኝ «ምን ትያለሽ አንቺ፣ ትናንት ማታ እኮ አውርተናል» ብዬ ተቆጣኋት። አባቷ የሞተባትን ልጅ ተቆጣኋት። አሁንም ድረስ አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ መምህር ከድር አርሲ ውስጥ ጮሌ የሚባል አገር ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አሰላ አስተማረ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እኔና እሱ አሰላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ወጣት አስተማሪዎች ነበርን። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። «አያቴ፣ ትንሽ እናለስልሰው» ስትለኝ እንደተናገርኩት ጻፊው ብያታለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ እናንተ ተማሪዎቹ የጻፋችሁትን እያነበበችልኝ ነው። ሁላችሁም አንድ ቃል ይዛችኋል። ትሑት፣ ትሑት፣ ትሑት። ያሳረረኝ ይሄ ቃል ነው። ትሕትና ያላችሁት ነገር ምን እንዳሳጣው ታውቃላችሁ? አታውቁም። እሱ እንደሆነ አልነገራችሁም።

ከድር ዲግሪውን ይዞ አሰላ ሲመደብ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ውጭ አገር ሄዶ በአፈር ትምህርት ማስትሬቱን መሥራት። ለስኮላርሺፑ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ እሱን ያለፈ አዲስ አበባ ሄዶ የቃል ፈተና ይቀርባል። ሁለታችንም ተመዘገብን። እኔ ለወጉ ያህል፣ እሱ ከልቡ።

ከባዱ እንግሊዝኛው ነበር። መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ያገኘውን አዲስ ቃል ሁሉ በጠመኔ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል። ከአልጋዬ ራስጌ እስከ በሩ መቃን ድረስ ቃል ብቻ ሆነ። ታዲያ ለመስቀል አከራያችን እኛ ትምህርት ቤት በሄድንበት ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቅልቃ፣ አሳምራ ጠበቀችን። እኔ ጮህኩ፣ ጎረቤት ወጣ። ከድር ግድግዳውን አየና «እጅዎ ይባረክ እማማ፣ እንዴት አምሯል» አላት።

«አብደሃል? የወራት ድካም እኮ ነው የጠፋው» ብለው «አኒ ማለን ቤካ» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ማለት ነው። ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ከራስጌዬ ጀምሮ ቃሎቹን በተራ በቃሉ ወጣቸው።

እቺ «አኒ ማለን ቤካ» የአፉ መክፈቻ ነበረች። የፈለጋችሁትን ጠይቁት፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ መጀመሪያ እሷ ትመጣለች፣ መልሱ ከኋላ ይከተላል። አባቱ ጮሌ ውስጥ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። በሰው ፊት «አውቃለሁ» ብሎ ነገር የሚጀምር ልጅ በእሳቸው ቤት ስድ አደግ ነው። አስተዳደጉ ነው እንጂ ከድር የሚያውቀውን እንደሚያውቅ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከኔ ጋር ሲከራከርማ አንድም ቀን ተረትቶልኝ አያውቅም።

በጽሑፉ እኔ ወደቅሁ፣ እሱ አለፈ። ለቃል ፈተናው አዲስ አበባ ድረስ ሸኘሁት። በር ላይ ቆሜ ልጠብቀው ስል ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

«ምን ጠየቁህ?»

«የአርሲን አፈር ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ።»

«እና?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አልኳቸው፣ በእንግሊዝኛ። ልቀጥል ስል ፈታኙ ፈረንጅ ብዕሩን አስቀመጠ። አመሰግናለሁ፣ ይበቃል አለኝ።»

ፈረንጁን እተወዋለሁ። ባዕድ ነው፣ የሰማውን ሰማ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ከፈረንጁ ጎን ካራባቱን አስሮ የተቀመጠው የኛው ሰው ነው። ሰው ቤት ሄዶ «ብላ» ሲሉት ሆዱ እየጮኸ «ጠግቤያለሁ» እያለ ያደገ ሰው ነው እኮ። «ይሄ የአገራችን ጨዋነት ነው፣ ልጁ ይጨርስ» ማለት እንዴት አቃተው? ምላሱን ምን ያዘው? አፉን ዘግቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር አለኝ ከድር። እሱ ሳይናደድ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ገብቼ ላንቀው ነበር፣ ከድር ክንዴን ይዞ አስቀረኝ።

በዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ያዝኩት። አልጋዬ ላይ እግሬን አጣምሬ ፈታኝ ሆንኩ።

«ሚስተር ከድር፣ አፈር ታውቃለህ?»

አንገቱን ይደፋል።

«አውቃለሁ በላ፣ ምን ችግር አለው?»

«አባቴ ቢሰማኝስ?»

«አባትህ ያሉት እዚያ ጮሌ ነው።»

ሁለታችንም በሳቅ እንወድቃለን። አንድ ቀን ግን ሳቁን ተወና «ለመማር ብዬ ባለጌ ልሁን?» አለኝ። ሁለተኛ አልተፈተነም። በዚህ ተጣላን። ስንት ቀን በአንድ ክፍል እየኖርን ሳንነጋገር ከረምን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። እናንተን አስጠንቶ፣ አስፈትኖ ላካችሁ። ተምራችሁ ስትመለሱ ልትጠይቁት ቤቱ ትመጣላችሁ። እሱም «እዚያ ተማሪው ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት ይከራከረዋል ይባላል፣ እውነት ነው?» ይላችኋል። ሁላችሁንም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ጨዋታ መስሏችሁ ስትስቁ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን አየው ነበር።

ከድር፣ ወንድሜ። ቀብርህ ላይ አልደረስኩም። እናንተ እስላሞች ቀብር ላይ ትቸኩላላችሁ፣ የኔ ጉልበት ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ባንተም ተናድጃለሁ። «አልቆጨኝም፣ ተወው» እያልክ ይህን ሁሉ ዓመት ዋሸኸኝ። ቆጭቶሃል። ሲቆጭህ ኖረህ፣ ሲቆጭህ ሞትክ። ይህን ባደባባይ ለመናገር አንተ ነውር ይሆንብሃል፣ እኔ አይሆንብኝም። ይኸው ተናገርኩልህ። በል ደህና ሁን፣ እረፍ።