ሁለቱ ስሞቼና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መዝገብ

ከድሬዳዋ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል በባቡር ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። እናቴ ጣቢያ ድረስ ሸኝታኝ፣ «ለማርያም ሰጥቼሻለሁ» ብላ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበርና ድንበር ላይ መዝጋቢው ስሜን ሲጠይቀኝ አፌ ላይ ያለውን ሰጠሁት፤ ወለተ ማርያም። የክርስትና ስሜ ነው። ሰው የሚያውቀኝ አስቴር ብሎ ነው፤ ለማረም ግን ፈራሁ።

ጅቡቲ እንዲህ ሆኜ ገባሁ። ድሬም ይሞቃል፣ ግን ሲመሽ ነፋስ አለው፤ እዚህ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሠላሳ ዓመት ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት ሠራሁ፤ ካርቲየ 2 በሚሉት የድሆች ሰፈር ልጄን ሐናን ብቻዬን አሳደግሁ። ተመስገን፣ እንጀራዬ አልተቋረጠም። ሁሉም ወለተ ማርያም ይለኛል።

ዘንድሮ ፓስፖርት አወጣሁና የመኖሪያ ካርዴን ላሳድስ ሄድኩ።

«ካርዱ ወለተ ማርያም ይላል፣ ፓስፖርቱ አስቴር። ጅቡቲ የገባችው የትኛዋ ናት?» አለኝ የቢሮው ሰውዬ።

«ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ሙሴ» አልኩት፤ እዚያ ጌታዬ ማለት ነው።

«ካርድ የምንሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ ማዳም። አንደኛዋን ወደ አገሯ መልሻት።»

ሁለቱም እኔ መሆኔን የሚያሳይ፣ የድሮ ፎቶ ያለበት ማስረጃ ከአገሬ ካላመጣሁ እንደማያድስልኝ ነገረኝ። ካርዱ ከቀረ ደግሞ ከልጄ መለየት ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ ወደ ተማርኩበት ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የምንጠለልባቸው ዛፎች ተቆርጠው ፎቅ ቆሟል። መዝገብ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «አስቴር» ሲባል ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ የተጠራችውን ልጅ ለማየት ዞርኩ። እኔ መሆኔ የገባኝ በሦስተኛው ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወጣት ናት። መዝገቡን ገልጣ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«እናቴ፣ ይቺ እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ፣ ልጄ።»

«የሚያውቅዎት የዚያን ጊዜ ሰው አለ? እሱ ከመሰከረ እጽፍልዎታለሁ።»

የአስተማሪዎቼን ስም ጠራሁላት። አንደኛው አርፈዋል፣ አንደኛዋ ካናዳ ናት፣ የቀሩትን አታውቃቸውም። በመጨረሻ ዘበኛውን አስጠራች። ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳያቸው ደስ አለኝ።

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ እንኳ እዚህ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፣ እህቴ። ግን ከጨነቀሽ አውቃታለሁ ልበል?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ አየችኝ። ሐና ትዝ አለችኝ።

«ይቅር አባቴ፣» አልኳቸው። «በሐሰት አይሆንም።»

ልጅቷ የምትችለውን ጻፈችልኝ፤ ፎቶዋ መዝገቡ ላይ ያለው አስቴር እዚህ ተምራለች። ያቺ እኔ ስለመሆኔ አንድም መስመር የለውም። ማኅተም መትታ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ፤ ይባርካት።

ከግቢው ሳልወጣ ሐና ደወለች።

«እማዬ፣ ወረቀቱን አገኘሽ?»

«ተመስገን፣ አገኘሁ። ሰኞ ቢሮ ይዤው እቀርባለሁ።»

«አስታወሱሽ?»

ተማሪዎቹ ለእረፍት ወጥተው በአጠገቤ ያልፉ ነበር።

«ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩላትም።