ዘይት የሌለው ራት

ሰፈሩ «ጠባሹ» ይለዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ቤት ዓሣ ሲጠብስ ኖሯል፤ የሚጠብሰው ደግሞ በጆሮው ነበር። ጀርባውን ለመጥበሻው ሰጥቶ ከደንበኛ ጋር እየተሳሳቀ፣ የዘይቱ ድምፅ ቀነስ ሲል ዞር ብሎ ይገለብጣል። አንድም ቀን አላሳረረም።

ኋላ የሚስቱ ልብ ደከመ፤ እግሯም አበጠ። ሐኪሙ ጨውና ዘይት ከለከላት። «ግን በደንብ ትብላ» አለው። «ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያቆማትም።»

ጠባሹ የሥራ ቤቱን ዘግቶ እሷን ማስታመም ያዘ። ልጃቸውም ያለ ዘይት የሚጋግር ኦቨን ገዝታ አመጣችላቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ዓሣውን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ አስገባ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ከፈተ፣ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ። ሰዓቱ ነጎደ፣ ዓሣው ግን ጥሬ ነው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዓሣውን ብርድ አስመታኸው እኮ!» አለች ሚስቱ ከአልጋዋ።

«ምን ላድርግ? ይሄ ዕቃ ዝም ጭጭ ነው!»

«አንተ መቼ ፋታ ሰጠኸውና ይናገር!»

ቀስ በቀስ ለመደው። ከቲማቲም ጋር በፎይል ይጠቀልላል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ በሩን ሳይነካ ይታገሣል፤ ሥጋው በሹካ ሲነካ ከተላቀቀ በስሏል። ከዚያ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አፍ አፏን ያያል።

«ዛሬስ አሳመርከው» ትለዋለች።

እሱም ለልጁ ይደውላል። «እናትሽ ግማሹን በላች!»

እብጠቱ ግን አልጎደለም። ክንዷም ከሳና እጅጌዋ ሰፋት።

አንድ ቀን ዓሣውን ሲያጸዳ ቢላዋው ሐሞቱን ነካበት። ዓይኑ ደክሟልና አላየም። ጋግሮ አቀረበላት። ከሌላው ቀን አብልጣ በላች።

«እጅህ ይባረክ!»

ደስታው ወሰን አጣ። የተረፋትን አንስቶ ጎረሰ፤ ወዲያው መዳፉ ላይ ተፋው። ሬት ነው።

«ሐሞቱን አፍስሼበታለሁ! እንዴት ይሄን በላሽ?»

«መረረ እንዴ?»

መዳፉን በጨርቅ ጠረገ።

«ጣዕም ከጠፋብኝ ወር አለፈኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዓሣውም ጭቃውም ለአፌ አንድ ነው። ስውጠው ደግሞ ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን ትበያለሽ?»

«አንተ እንደዚያ እያየኸኝ፣ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል?»

«ካልበላች» ያለውን የሐኪሙን ቃል ሁለቱም ያውቁታል።

በማግስቱ ትንሽ ዓሣ ጋገረ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ሹካ ገና ሲነካው ተላቀቀ፤ እንደዚያ አምሮለት አያውቅም። አንዴ ጎርሳ ቀና ብላ አየችው።

«ከበቃሽ በቃኝ በዪ» አላት።

«ታዝንብኛለህ።»

«ማዘኑን አዝናለሁ። አንቺ ግን በቃኝ በዪ።»

«በቃኝ» አለች።

ሳህኑን ከጉልበቷ አነሳ። ሹካው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚስቱ ትራሱን ተደግፋ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ሳያማት እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ሲያሰኛት ቀመሰች፤ ሳያሰኛት በቃኝ አለች። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ አልለመናትም።