ባዶ የተውኩት ቦታ

ትናንት ከሰዓት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ፕሮግራም ሳይ፣ የስህተት መቀበያው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። «ይህን ሙላው» ብዬ ጻፍኩለትና ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

እኔም አንድ ጊዜ ባዶ ትቼው ነበር። ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲያ ባለችው ቀበሌያችን በፀሐይ የሚሠራ የጉድጓድ ፓምፕ ሲተከል፣ መቆጣጠሪያውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ልቡ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ጥፍር የምታህል ኮምፒውተር። የታዘዘችውን በተራ ትሠራለች። የጉድጓዱ ውሃ ሲወርድ ከታች ያለው መለኪያ ምልክት ይልካል፤ ያን ጊዜ የያዘችውን አቁማ፣ የደረሰችበትን መዝግባ፣ ፓምፑን ታጠፋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህን ኢንተራፕት እንለዋለን። ትራፕ የሚባለው ግን ከውጭ አይመጣም። ፕሮግራሙ ራሱ ሲሳሳት፣ ለምሳሌ የሌለ የማስታወሻ ቦታ ሲነካ፣ ሁሉን ጥላ ለዚያ ተብሎ ወደተጻፈላት መመሪያ፣ ወደ ስህተት መቀበያው፣ ትሄዳለች። እኔ እዚያ የጻፍኩት ባዶ ዙር ነበር፤ ከገባችበት እዚያው እየዞረች ትቀራለች፣ የመለኪያውንም ጥሪ አትሰማም። በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። ፓምፑ የተመረቀ ዕለት የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበልን፤ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ ረሳሁት።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ በዘገየበት፣ ጉድጓዱ ደርቆ ፓምፑ ሲሠራ ውሎ ሞተሩ ተቃጠለ። ስደርስ አካባቢው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ላፕቶፔን አገናኝቼ አየሁ፤ ቺፗ ባዶው ዙር ውስጥ ነበረች። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቄስ ካሳዬ አጠገቤ ቆመዋል።

«ፀሐዩ በዛበት መሰለኝ። አይደል ልጄ?»

«ሳይሆን አይቀርም፣ አባ።»

ስዋሽ ምንም አልተሰማኝም።

አዲስ ሞተር እስኪመጣ ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ከድሮው ምንጭ መቅዳት ጀመሩ። አብራኝ ያደገችው ጎረቤቴ የሺ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጄሪካን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ወደቀች። ልጁ አልተረፈም።

ልጠይቃት ሄድኩ። መደብ ላይ ጋቢ ደርባ ተኝታለች። እናቷ የባቄላ ንፍሮ ሰጡኝ፤ በላሁ። ጨው እንዳልነበረው አስታውሳለሁ።

«ሞተሩ መጣ?» አለችኝ የሺ።

«በዚህ ሳምንት ይመጣል።»

«እንዳይቃጠል አድርጊው እንግዲህ።»

«እሺ።»

በማግስቱ ባዶውን ቦታ ሞላሁት። አሁን ቺፗ ስህተት ሲገጥማት መጀመሪያ ፓምፑን ታጠፋለች፣ ምክንያቱን ትመዘግባለች፣ ከዚያ እንደ አዲስ ትነሳለች። ስምንት መስመር ነው። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። አላለቀስኩም።

አሁን የሺ ሦስት ልጆች አሏት። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ስንገናኝ ለሰው ታሳየኛለች፤ «ውሃችንን ያመጣችልን እሷ እኮ ነች» ትላለች። እውነቱን እስከዛሬ አልነገርኳትም። ጸጸት ቢዘገይም ይመጣል ሲሉ ሰምቼ ብዙ ዓመት ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ብቻ የሺ ስታቅፈኝ፣ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላውቅም።