ሥዕል የሌለው ኢንተርኔት

ዱራሜ በምሠራበት ቢሮ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ትናንት አውጥተን ሰካነው። ይነሳል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ ማራገቢያው ግን እያጓራ ተነሳ፤ ከጀርባውም የሞቀ አቧራና የፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ባልደረባዬ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ልትከፍት ስትሮጥ እኔ ጠጋ ብዬ ሽታውን ሳብኩት። «ምን ነካሽ አንቺ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ድሮ ሆሳዕና እሠራበት የነበረው ኢንተርኔት ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሸተው እንደዚያ ነበር።

ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት ሱቅ ነው፤ ከኋላ በአረንጓዴ መጋረጃ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም ሱቅ ውስጥ ተወልዶ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። እኔ ከቴክኒክና ሙያ ገና መውጣቴ ነበር። ኮምፒውተሮቹን እንድይዝ ሲቀጥረኝ ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ ሻይ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር፣ ሥዕል እንዳይበራ።

ሁለተኛው ነገር ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ መስመራችን በስልክ ነበር። ሞደሙ ሊገናኝ ሲል ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮሃል፤ ከተገናኘም በኋላ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ጎረቤቱን ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ ይጨርሳል። ማሽኖቹን የተከለው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ መስመሩን ሞክሮ ራሱን ነቀነቀና፣ ብራውዘሩ ሥዕል እንዳያወርድ አድርጎ ዘጋው። «በዚህ መስመር ሥዕል ካላችሁ ደንበኛችሁ እዚሁ ያረጃል» ብሎ ሄደ። ባለቤቱ ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዘው።

ስለዚህ እኛ ቤት ኢንተርኔት ማለት ፊደል ነበር። ሥዕል ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ተቀምጧል። ማንም ቅር አላለውም፣ ሌላ አላየማ! አንድ የኳስ ፍቅር ያነደደው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ክረምቱን አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ፣ «እዚያ እኮ ኢንተርኔቱ ሥዕል አለው» አለን። «አዲስ አበባ ምን የሌለ ነገር አለ» ብለን አለፍነው።

እኔ ግን እነዚያ ባዶ ሳጥኖች እንቅልፍ ነሱኝ። ቀጭንና ረጅም ከሆነ የቆመ ሰው ነው እላለሁ፤ ሰፊ ከሆነ ሜዳ። ከመምህሩ ጋር ሳጥኑን እያየን ጎሉ በየት በኩል እንደገባ እንከራከር ነበር። ሥዕሉን ማብራት ስለተከለከልኩ ሌላውን የብራውዘሩን ነገር ሁሉ ነካካሁት። አንዱን ማሽን አረንጓዴ አለበስኩት፣ ሌላውን ሰማያዊ፣ ሦስተኛውን ቢጫ። ከላይ ያሉትን ቁልፎች የማይፈለጉትን አስወጥቼ የሚፈለጉትን አጠጋጋሁ። በየቀኑ የሚከፈቱትን ገጾች ከላይ ደርድሬ በአማርኛ ስም አወጣሁላቸው፦ «ፖስታ»፣ «ፈተና»፣ «ኳስ»፣ «ዲቪ»። ዓይናቸው ለደከመ አንድ ፓስተር ፊደሉን አሳድጌ አሳድጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ማያውን ሞላው። ባለቤቱ መጋረጃውን ገልጦ ያየኝና «አንቺ ልጅ፣ በሰው ግድግዳ ላይ አበባ ትተክያለሽ» ይለኛል። ደንበኛው ግን ገና ከበር «አረንጓዴዋ ተይዛለች?» ማለት ከጀመረ ወዲያ ተወኝ።

ሁለቱ እናቶች የመጡት በዚህ መካከል ነው።

ከከተማው ዙሪያ ካለው ከሌሞ ገጠር የሚመጡ ናቸው፤ ጎረቤታሞች። የሁለቱም ልጆች በአንድ ሌሊት አብረው ወጥተዋል። እኛ አገር «ወጣ» ከተባለ «ወዴት?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከወጡ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ወራት አለፉ። መንገድ ላይ የቀሩ አሉ የሚል ወሬ ከተማውን ዞረ፤ እነማን እንደሆኑ ግን ወሬው አይናገርም። እናቶቹ በአንድ ጋሪ ገበያ ይመጡና ቅቤና ቆጮአቸውን እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ስትሸጥ ሌላዋ እኔ ጋ ትመጣለች። ለሁለቱም የምትሆን አንድ የኢሜይል አድራሻ ከፍቼላቸው፣ ልጆቹ ሲደርሱ እንዲሰጣቸው አድራሻዋን ጆሃንስበርግ ያለ የአገር ልጅ ይዟታል።

ታላቋ እናት ረጅም፣ ዝምተኛ ነበረች፤ በሀዲይኛ ስታወራ ብቻ ነው ጥርሷ የሚታየው። ታናሿ ሳቂታ ናት። ስትገባ ኮምፒውተሩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ዛሬስ ምን አለህ?» ትለዋለች።

ያን ቀን የመጣችው ታላቋ ናት። አረንጓዴዋ ላይ አስቀምጬያት «ፖስታ» የምትለውን ተጫንኩ፤ አዲስ መልእክት አለ! ከልጇ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦ «እማዬ ደህና ነኝ። ደርሻለሁ። አታልቅሺ። ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ እይው።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ማያውን ፈለገች።

«ፎቶው የታለ?»

ከጽሑፉ በታች ባዶው ሳጥን ተቀምጧል። «እዚህ ጋ ነው እማማ፣ እኛ ቤት ሥዕል አይታይም እንጂ» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ደነገጥኩና የተሻለ ወንበር ሳብኩላት፤ ከሱቁ ለስላሳ አስመጣሁላት። ቢጫዋ ላይ የነበረው መምህር ሁኔታዋን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰማያዊዋ ላይ የፈተና ውጤቷን ልታይ የመጣች ተማሪም ወሬዋን አቋረጠች። ሁላችንም ደግ መሆናችን ነበር፤ እኛ ደግ በሆንን ቁጥር ሴትዮዋ ትንቀጠቀጣለች።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ ዘንድ የሩቅ ሞት በድንገት አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው» ይባላል። ሁሉ ያውቃል፣ እናት ብቻ አታውቅም። ሰው በድንገት ትሑት ይሆንላታል፣ ወንበር ይስብላታል፣ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። እሷም ይህንን ወግ በሌሎች ላይ ስትፈጽም የኖረች ሴት ናት። አሁን ወንበሩ ተሳበላት፣ ባርኔጣው ወለቀላት፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል «ደህና ነኝ» ተነበበላት፣ የልጇ ፊት ሊኖር በሚገባበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም።

«ልጄ» አለችኝ እጄን ይዛ፣ «የሸፈንሽውን ግለጪው። ከሞተም ንገሪኝ።»

ባለቤቱ ለዙህር ሶላት ወጥቷል። ሥዕል የሚበራበትን ቦታ ካወቅሁት ቆይቻለሁ፤ ያልነካሁት ፈርቼው ነው። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ አንድ ፎቶ ብቻውን ሁሉንም ማሽን ያንቃል። ወደ ሁለቱ ደንበኞች ዞሬ «እባካችሁ፣ እጃችሁን ከማሽኑ አንሱልኝ» አልኩ። መምህሩ ኳሱን ዘጋ፤ ተማሪዋ ስንት ቀን የጠበቀችውን የፈተና ገጽ ዘጋች። ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ «ሥዕል አሳይ» የሚለው ላይ ምልክቷን አደረግሁና ገጹን እንደገና ከፈትኩት።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች፣ በቀጭን በቀጭኑ እየተቆረሰ ወረደ። መጀመሪያ ሰማይ። የሰው አገር ሰማይም ሰማያዊ መሆኑ ለምን እንደገረመኝ አላውቅም። ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ጥቁር ነገር፤ ፀጉር ነው። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ግንባር መጣ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ሁለት ጆሮዎች እንደ ጆግ እጀታ ወጡ።

«ጆሮው!» ብላ ጮኸች። «የአባቱ ጆሮ! የአባቱ ጆሮ!»

መምህሩ ሳቀ፣ ተማሪዋ አለቀሰች፣ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ዓይኖቹ መጡ፣ አፍንጫው መጣ፣ ሳይስቅ የተዘጋ ከንፈሩ መጣ። እናትየው ማያውን በሁለት እጇ ይዛ በሀዲይኛ ታወራዋለች፤ ከስቷል፣ ምን እየበላ ነው፣ የሚያበስልለት አለ ወይ ትለዋለች። እኔ ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ፣ ስልኬ ፎቶ በብልጭታ ሲያመጣልኝ፣ እንደዚያ አድርጌ አንድም ፊት አይቼ አላውቅም።

አንገቱ ወረደ፣ ከዚያ ደረቱ። ቡናማ ሹራብ ለብሷል፤ አንድ ትከሻው ላይ ግን ክሩ አረንጓዴ ነው።

ወሬዋን አቆመች። ጣቷን አረንጓዴው ላይ አሳረፈች።

«ይህ የጎረቤቴ ልጅ ሹራብ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለመንገዱ ብላ በእጇ የሠራችለት። ቡናማው ክር ሲያልቅባት አረንጓዴውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«አውሶት ይሆናላ፣ እማማ» አልኩ።

«ያ ልጅ ይህን ሹራብ አያውስም።» መልእክቱን እንደገና አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩ። አብሮት ስለወጣው ጓደኛው አንድ ቃል የለበትም። ልጁ ሹራቡን ለብርዱ ብሎ ለብሶ ነው ወይስ ሊጽፈው ያቃተውን በፎቶ ሊነግረን ፈልጎ? እስከ ዛሬ ድረስ እጠይቃለሁ፤ መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በመጋረጃው በኩል የታናሿ ድምፅ ተሰማ፤ ሱቁ ውስጥ ካለ ሰው ጋር እየሳቀች ሰላምታ ትለዋወጣለች። ገበያዋን ጨርሳ መምጣቷ ነው።

«መልሺው» አለችኝ ታላቋ። «እንደነበረ አድርጊው፣ ቶሎ!»

«ምኑን?»

«ፎቶውን ሸፍኚው። እዚህ፣ በሰው መሃል፣ ከዚህ ሳጥን ላይ አታየውም። እንዲህ አይነገራትም።»

ምልክቷን አነሳሁና ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ሰማዩም፣ ጆሮውም፣ ሹራቡም ጠፉ። ስንት ወር ስትለምነው የኖረችውን ፊት ገና ጠግባ ሳታየው ራሷ አስጠፋችው። መምህሩ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ፤ ተማሪዋ ፊቷን ጠርጋ ወደ ማሽኗ ዞረች። ማንም ማንንም አላስጠነቀቀም፤ ሁላችንም እናውቅበታለን።

ታናሿ ገባች። ቅቤና የኮባ ቅጠል ትሸታለች። የጓደኛዋን እርጥብ ዓይን አይታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን መጣ?»

«ልጄ ደርሷል» አለቻት ታላቋ። «ደህና ነኝ ይላል።»

«የኔስ?»

«ስለሱ አልጻፈም። አጭር ነው።» ከዚያ ባዶውን ሳጥን አሳየቻት። «ፎቶም ልኳል፤ እዚህ አይታይም እንጂ።»

ታናሿ ወደ እኔ ዞረች። «አይታይም?»

«አይታይም እማማ» አልኩ። «መስመሩ አይችልም።»

ሳጥኑን ጎንበስ ብላ አየችው፤ በጣቷም ዙሪያውን ነካችው። እንደኔ የማወቅ ጉጉት ነበራት መሰለኝ። «እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው?» አለች። «እንግዲህ እሱ ከደረሰ የኔም ደርሷል። አይለያዩም እኮ! ነገ ከነገ ወዲያ ይጽፍልኛል፤ ሰነፍ ነው፣ መጻፍ ከድሮም አይወድም።» ከዚያ ጓደኛዋን አቅፋ ጉንጮቿን እያፈራረቀች ሳመቻት። «ጌታ ይመስገን! ምን ያስለቅስሻል? ዛሬ ይለቀሳል?»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገሩን አጣርተው መርዶውን ለታናሿ በወጉ የነገሯት ገብሱ ከታጨደ በኋላ ነው። ልጇ መንገድ ላይ ቀርቷል። እስከዚያ ድረስ ታላቋ እናት ከሷ ጋር ገበያ እየመጣች፣ እኔ ጋ ብቻዋን ስትገባ እንኳ ፎቶውን አንድ ቀን ክፈቺልኝ አላለችም። ላብራልሽ ስላት «እሷ ሳታለቅስ እኔ አልስቅም» አለችኝ።

ያን ቀን ግን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ጋሪው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ልጇ የሞተባት እልል እያለች፣ ላገኘችው ሁሉ «የጎረቤቴ ልጅ ተገኘ!» እያለች ወጣች። ልጇ የተገኘላት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከኋላዋ ተከተለቻት።