አሥር ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ክሬሰንት ታውን በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ልጅ ሳለሁ፣ ከእራት በኋላ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ የአባባ ነበር። አያቴ አዲስ አበባ ሳሉ የህትመት ሥዕል፣ ማለትም ቅርጽ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ የማተም ጥበብ፣ አስተማሪ ነበሩ፤ ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ተማሪያቸው እኔ ብቻ ቀረሁ። ያኔ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ሊኖሊየም ቆርጠው፣ መቅረጫው እንዲገባለት ፍም በመሰለው የኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ እያሞቁ፣ ቤቱ በቀለም ሽታ ታፍኖ፣ ተረት ይነግሩኝ ነበር። የእሳቸው ተረት ጅብና አንበሳ የለበትም። ባለታሪኳ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረች እንግሊዛዊት የህትመት ሠዓሊ ናት።

ማተሚያ ስላልነበራት ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ እያሸች ታትም ነበር፤ የጊዜዋ ሠዓሊዎች «የወጥ ቤት ሥራ» ብለው ሳቁባት። ሥራዋ ለንደን ትልቅ አዳራሽ ሲሰቀል የሳቁት ሁሉ ተሰልፈው ገቡ። አባባ እዚህ ሲደርሱ ራሳቸው የተሸለሙ ይመስል ይንጎራደዱ ነበር። እኔ የምወደው ግን መጨረሻውን ነው። ሃያ አትማለሁ ካለች ሃያ ታትምና፣ ሃያ አንደኛ እንዳይወጣ ቅርጹን ራሷ በምስማር ትጭረዋለች። አንድ ትልቅ ጌታ አንድ ጨምሪልኝ ብሎ ቢለምናት፣ የተጫረውን አውጥታ አሳየችው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ የአባባን ፊት ከነመነጽራቸው ቀረጽኩ። አሥር አትሜ «ከአሥር አንደኛ»፣ «ከአሥር ሁለተኛ» እያልኩ በየግርጌው በእርሳስ ጻፍኩ። ከዚያ በደስታ ሰክሬ ለአስተማሪዬ፣ ለጎረቤት፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ላሉት ባለሱቅ ለጋሽ ታዬ አድዬ ጨረስኩ። ቅርጹ በእጄ ነው፣ ለራሴ ሌላ አትማለሁ ብዬ ነበር። ቀለም ስቀባ አባባ ደረሱብኝ።

«ስንት ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አሥር። ግን አባባ፣ ይሄኛው ለራሴ ነው፤ ኖባዲ ዊል ኖው! ማን ያውቃል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«እና እኔ ልጥፋ?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ምስማር ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «እኔ አልጭርልሽም፤ ሠዓሊዋ አንቺ ነሽ» ብለውኝ ወጡ።

አለቀስኩ። ያቺን እንግሊዛዊት ረገምኳት። በመጨረሻ ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው በአንድ መስመር ጫርኩት። እሑድ አባባ ቤተ ክርስቲያን ላገኙት ሰው ሁሉ «የልጅ ልጄ ሠዓሊ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ዌስተን ሰፈር የራሴ የህትመት ክፍል አለኝ፤ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ቅርጹን የምጭረው በዚያው ምስማር ነው። ከነገሩኝ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ራሴ የጫርኩትን መስመር ግን አልረሳም።

ፊታቸው ሲናፍቀኝ ዳንፎርዝ እሄዳለሁ። ጋሽ ታዬ ከሚዛኑ በላይ ሰቅለዋቸዋል፤ ግርጌው «ከአሥር አራተኛ» ይላል። ባለፈው ጋሽ ታዬ፣ «ውሰጂው እንጂ፣ አያትሽ አይደሉ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው ጋሼ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩልዎት» አልኳቸው። አባባን ቀና ብዬ አየኋቸውና፣ የገዛሁትን በርበሬ ይዤ ኮራ ብዬ ወጣሁ።