ያልጠማው ሰሊጥ

አያ መንገሻ ደረቅ አፈር ካዩ አርፈው አይቀመጡም። ከአገር ወጥተን በሰፈርንባት በቂርያት መናሔም፣ ከሕንፃችን ጀርባ አንዲት የጋራ ጓሮ አለችን፤ የእሳቸውና የእኔ መደብ ጎን ለጎን ነው። በበጋ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የእሳቸውን የውሃ ጎማ ነው።

"አያ፣ ሰሊጥ ነው የዘሩት ወይስ ዓሣ ሊያረቡ ነው?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ጎማውን ግን አይለቁም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። አርማጭሆ ሳሉ፣ ገና ጎረምሳ ሆነው፣ ሰሊጡ እንዳበበ ዝናቡ ቀረ። አባታቸው ማሳው ዳር ተቀምጠው ወር ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ሰነበቱ፤ ሰሊጡ በቁሙ ደረቀ። እዚህ ግን ውሃ ለማግኘት ቧንቧ ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። ሰማይ የነፈገውን ሰው ቧንቧ ዝጋ ማለት ለእኔም ይከብደኛል።

አምና፣ እዚያው አርማጭሆ አግብታ የቀረችው እህታቸው አንድ እፍኝ የሰሊጥ ዘር ላከችላቸው። ዘሩ በደረሰ በወሩ አረፈች። ከዚያ ቤት የቀረ ሌላ ሰው የለም፤ ሌላ ዘርም የሚልክ የለም። ከፋሲካ በኋላ መደባቸው ላይ ዘሩትና የተረፈችውን ቆንጠር አድርገው ለእኔ ሰጡኝ።

የእሳቸው ሰሊጥ ከወገብ በላይ አደገ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቀው ነበር። የእኔው አጭርና ገርጣታ ሆነ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደረጃውን ወርጄ የማጠጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ነበር። "ስመኝ፣ በውሃ ጥም ልትፈጂው ነው" ይሉኛል፤ እኔም አፍራለሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሐምሌ ሰሊጣቸው ጠወለገ። ጠማው ብለው ውሃ ጨመሩ፤ ባሰበት። እንደገና ጨመሩ። እርሻ የምትማረው የልጅ ልጃቸው አጋም ዓርብ ጠዋት ስትመጣ አንዱን ነቀለችው። ሥሩ ጠቁሯል፤ ልጡ በጣቷ ተላጠ።

"ሳባ፣ አልጠማውም" አለች፣ አያቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ውሃ በጣም ብዙ። አፈሩ አይደርቅም፣ ፈንገስ ሥሩን በላው። ሥር ከሞተ መጠጣት አይችልም። ለዚያ ነው የጠማው የሚመስል።"

አያ መንገሻ ቧንቧውን ዘጉና መደቡ ዳር ተቀመጡ። "በእጄ ገደልሁት" አሉ። "የእህቴን አደራ በገዛ እጄ..." እኔም አለቀስሁ።

የእኔው ገርጣታ ግን ፍሬ ያዘ። ፍሬው አፉን ሳይከፍት አጭጄ፣ ነዶውን አቁሜ አደረቅሁና ነጠላ ላይ ዘቅዝቄ አራገፍሁት። አንድ ጣሳ ሞላ። ጎረቤት ሁሉ "ባለሙያ!" አለኝ። የምን ባለሙያ! ጉልበቴን ባያመኝ እኔም አጥለቅልቄው ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ጣሳውን እንዳለ ይዤ ደጃቸውን አንኳኳሁ።

"ይኸው ዘርዎ፣ አያ።"

እጃቸውን ሰደው ቆንጠር አደረጉና ጣሳውን መለሱልኝ። ለእኔ የሰጡኝን ያህል ብቻ ነው የወሰዱት።

"ሌላው አንቺ ጋ ይቀመጥ" አሉ። "እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።"

ዘንድሮ ያቺን ቁንጣሪ ዘሯት። አጋም አፈሩን በጣታቸው ቆፍረው ደረቅ ካላገኙ እንዳያጠጡ አስምላቸዋለች። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት አያቸዋለሁ። ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ አፈሩን ያያሉ።