ደህና ቦታ

ባለፈው ሰኞ የእናቴ መታወቂያ ጠፋ። ጠፋ ማለቴ፣ በእሷ አባባል አልጠፋም፤ «ደህና ቦታ» አስቀምጣዋለች። እኔ ደግሞ እነዚህን ሁለት ቃላት ስሰማ እስከ ዛሬ ቁጭ ማለት ያቅተኛል። መሳቢያ እየሳብኩ፣ ቁም ሳጥን እየከፈትኩ ቤቱን ስዞረው፣ እሷ ሶፋው ላይ ሆና «ቀስ በይ እንጂ፣ የት ይሄዳል?» ትለኛለች። የት እንደሚሄድማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያደግነው ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ በቃ። መኝታ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አልጋው ከገባ በኋላ በሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት በጎን ነበር የምንገባው። እናቴ እዚያች ክፍል ውስጥ የአራት ሰው ኑሮ አስገብታለች። አልጋው በብሎኬት ከፍ ብሏል። ከስሩ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የድግስ ድስቶች፣ የክረምት ጫማ፣ እንዲሁም አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ የገቡ ሦስት ሻንጣዎች አሉ። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የአባቴ ኮት፣ በኮቱ ላይ የእሷ ቀሚስ፣ በቀሚሱ ላይ ነጠላዋ ይሰቀላል። ዩኒፎርማችን ታጥቦ ሲደርቅ ፍራሹ ስር ይገባል፤ ቦታ አይዝም፣ ጠዋት ደግሞ ተተኩሶ ይወጣል። ትራሶቻችን ውስጥ እንኳን ጥጥ አልነበረም። ለእኔ የጠበበኝና ለወንድሜ ለብሩክ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሹራብና ካኒቴራ ነበር ተጣጥፎ የሚሞላበት። ሌሊቱን ሙሉ የናፍታሊን ሽታ እየሳብን ነበር የምንተኛው። ክረምት ሲገባ ሹራቡ ስለሚወጣ ትራሱ ይከሳል፣ በበጋ መልሶ ይወፍራል። እናቴ ባዶ ነገር አይታ አታልፍም ነበር።

ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ግን፣ ማለትም የክትባት ካርድ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ፣ የሚቀመጡት «ደህና ቦታ» ነው። ትንሽ ሆኜ ደህና ቦታ እንደ ለገሃር፣ እንደ ስታዲየም፣ ስም ያለው አንድ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ቀን አልጋ ስር ገብቼ ፈልጌዋለሁ። ከፍ ስል የገባኝ፣ ደህና ቦታ በየጊዜው እንደሚቀያየርና አድራሻውን እናቴ ራሷ እንደማታውቀው ነው። እዚያ የገባ ነገር የሚገኘው ሌላ ነገር ስንፈልግ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ከብሩክ ጋር ሳሎን መሬት ላይ መተኛቴ ይብቃ፣ አድጋለች ተባለ። አባቴ ቄራ አካባቢ እንጨት ቤት ነበር የሚሠራው። አንድ እሁድ የጣውላ ቁርጥራጭ ተሸክሞ መጣና መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከአልጋቸው ግርጌ በላይ ቆጥ ሠራልኝ። መጋዙ ሲጮህ ዋለ፣ ቤቱ በጽድ ሽታ ታወደ። እኔ መሰላሉ ስር እየተቁነጠነጥኩ «አለቀ? አለቀ?» እላለሁ። የራሴ ቦታ ሊኖረኝ ነው። ሲመሽ ወጣሁ። ከእኔ በፊት እናቴ ግማሹን ይዛዋለች። ብርድ ልብስ በፌስታል፣ የማይሠራ ራዲዮ፣ አባቴ አንድ ቀን እጠግነዋለሁ የሚለው የወንበር እግር፣ ሁሉም ተደርድሯል። የማዳበሪያ ኮርኒሱ ደግሞ አናቴን ስለሚነካኝ ቀና ብዬ መቀመጥ አልችልም።

የሰፈር ልጆች ሲሰሙ «ዶሮ» አሉኝ፤ ቆጥ ላይ የሚያድር ዶሮ ነዋ። አብሬያቸው ሳቅኩ እንጂ ውስጤ እርር ብሏል። እዚያ ላይ ተጋድሜ፣ ከራዲዮውና ከብርድ ልብሱ ጎን፣ እኔም ቦታ ተፈልጎልኝ የተሸጎጥኩ ዕቃ ነኝ የሚል ሐሳብ ገባብኝ። ከገባ በኋላ አልወጣ አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ሚኒስትሪ የተፈተናችሁ ካርዱን ታስታውሱታላችሁ፤ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ግማሹ ማኅተም ፊታችን ላይ ያረፈበት። ካርድ ያልያዘ ተማሪ በር ላይ እንደሚቀር፣ ከቀረ ደግሞ ዓመቱን እንደሚደግም ዩኒት ሊደሩ ሦስት ጊዜ ነግረውናል። ዓርብ ተሰጠንና ደብተር መሃል አድርጌ ቤት አመጣሁት። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተቀበለችኝ። እሷ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ፎቶዬን አየች፣ ስሜን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ «አንቺ ትጥይዋለሽ፤ ደህና ቦታ ላስቀምጥልሽ» አለችኝ። ያኔ ነበር መንጠቅ፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ተውኩላት።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዩኒፎርሜን ለብሼ «ካርዴን» አልኳት። እጇ ወደ ሳጥኑ ሄደና መለስ አለ። ወደ አባቴ ኮት ኪስ ሄደና መለስ አለ።

ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ መፈተኛው ስታዲየም አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለን ነበር የምንፈልገው። ሳጥኑ ተራገፈ፣ ሻንጣዎቹ አንዱ ከአንዱ ሆድ ወጡ። ክፍሏ ለመራገፊያ ስላልበቃች ዕቃው ወደ ግቢ መውጣት ጀመረ። አባቴ ፍራሹን አወጣ፣ ብሩክ ድስቶቹን እያንኳኳ ይመላለሳል፣ እኔ ደግሞ ሰዓቱን ለማየት በየደቂቃው ሳሎን እገባለሁ። ቦኖ ውኃ ለመቅዳት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ኑሯችንን እያየ ነው፤ የተጣፈ አንሶላችንን፣ እጀታ የሌለው ድስታችንን። ሁለት ዓመት የተፈለገው የጆሮ ጌጥ ከአንዲት ካልሲ ውስጥ ተገኘ። የብሩክ የክትባት ካርድ ተገኘ። እናቴ «ውይ፣ ለካ እዚህ ነበር» ስትል በንዴት ልሞት ምንም አልቀረኝም።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትዬ ነጅማ ጀሪካኗን ወረፋ ላይ ትታ መጣች፤ እጅጌዋን ሰብስባ አብራ ትፈልግ ጀመር። ቤቱን ቃኘት አድርጋ «ቆጡስ ታይቷል?» አለች።

«እዚያ ምን አለ» አልኳት። «እዚያ እኔ ነኝ ያለሁት።» ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ወደ እናቴ ዞሬ «ለነገሩ ለአንቺ እኔም ዕቃ ነኝ፤ እኔንም አንድ ቦታ ሸጉጠሽ ረስተሽኛል» አልኳት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አባቴ ሊቆጣኝ ወደ እኔ መጣ፣ እሷ ግን በእጇ ከለከለችው። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ፣ የያዘችውን ድስት መሬት ላይ አስቀምጣ እየሮጠች ገባች። ተከትያት ስገባ ፍራሹ በተነሳበት አልጋ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ እጇን ወደ ቆጡ ሰዳ ትራሴን አወረደች። ጨርቁን ከፈተች፣ የጠበበኝን ቀይ ሹራብ አወጣች። ካርዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ እጅጌው ውስጥ ነበር።

«ካንቺ ራስጌ የተሻለ ቦታ ሳጣ ጊዜ ነው» አለችኝ፤ በጣም ቀስ ብላ።

ሦስት ሌሊት ተኝቼበታለሁ። ነጥቄያት ሮጥኩ። አመሰግናለሁም፣ ይቅርታም አላልኩም። አባቴ ከኋላዬ እየሮጠ ታክሲ አስቆመልኝ፤ በሩን ሊዘጉት ሲሉ ደረስኩ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩም።

ያን ቀን ከሰዓት ስመለስ ዕቃው ሁሉ ገብቷል። ሳጥኑ አልጋ ስር፣ ነጠላው ቀሚሱ ላይ፣ እንደ ድሮው። ደክሞኝ ስለነበር ልተኛ ቆጡ ላይ ወጣሁ። ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ የለም፣ ራዲዮው የለም፣ የወንበሩ እግር የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተነጠፈው የእኔ አንሶላ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ዕቃ በዚያች ክፍል ውስጥ የት አግኝታለት እንዳስገባችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ወርጄ እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ ተዘርግቼ ተኛሁ። ያ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

ያ ቤት ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። አባቴ የለም። እናቴ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ የራሷ ክፍል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቁም ሳጥን አላት። ግማሹ ባዶ ነው፤ እየከፈተች ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች። የምታስገባው አጥታ ነው መሰለኝ። አሁን አሁን ቀኑም ሰዉም ይምታታባታል፤ አንዳንዴ ልጄን በእኔ ስም ትጠራታለች። እኔ ደግሞ ያኔም አሁንም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። መታወቂያው ለሐሙስ ነበር የሚያስፈልገን፣ እኔ ግን ሰኞ ዕለት ቤቱን ገለባብጬ ጨረስኩ። የእሷን ቁም ሳጥን አየሁ፣ የእሷን ፍራሽ አነሳሁ፣ የእሷን ትራስ ጨመቅኩ።

በመጨረሻ ደክሞኝ የራሴ አልጋ ላይ ቁጭ ስል ነው ትዝ ያለኝ። ትራሴን አነሳሁና እጄን በትራስ ልብሱ ውስጥ ሰደድኩ። መታወቂያው እዚያ ነበር፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ከሳሎን «አገኘሽው?» አለችኝ።

መልሼ እዚያው አስገባሁት።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ደህና ቦታ ነው ያለው።»